መጀመሪያ ጨዋታውን ምረጥ፤ ጠረጴዛው ከዚያ ይመጣል

ጥያቄ፦ «ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከሐይቅ ከተማ ነው። ቤታችን መንገድ ዳር ነው። ፊት ለፊቱ 4 ሜትር ከ20 በ5 ሜትር ከ30 የሆነ ባዶ ክፍል አለ። ፑል ላስገባበት አስቤአለሁ። አንድ ሰው ያገለገለ ባለ 9 ጫማ በጥሩ ዋጋ እሰጥሃለሁ ብሎኛል። አባቴ ግን አልወደዱትም። ‹ፑል ቁማር ነው፤ ካራምቡላ ቢሆን እኔም እጫወት ነበር› ይላሉ። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ደግሞስ ከለመድነው ከ8 ቁጥር ሌላ በዚህ ጠረጴዛ ምን ይጫወቱበታል?»

ምላሽ፦

አብሽር ወንድሜ። ይህን የሚመስል ጥያቄ ብዙ ይደርሰኛል። ያንተን ለየት ያደረገው የአባትህ ቃል ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ ከመልሱ ግማሹ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

እኔ ላለፉት 14 ዓመታት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ፑል እየገጠምኩ፣ ጨርቅ እየቀየርኩ፣ ያዘነበለውን እያቃናሁ ነው የኖርኩት። ሰው ሁሉ «የቱ ጠረጴዛ ይሻላል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ «ማን ሊጫወትበት ነው? ምን ሊጫወትበት ነው?» እላለሁ። ብዙዎቹ ይህን ሳያስቡ ነው ብር ይዘው የሚወጡት። ጠረጴዛው ከገባ በኋላ ግድግዳ አይገፋም። ማን ምን እንደሚጫወት ቀድሞ ከታወቀ ግን የሚገዛው ጠረጴዛ ራሱ ይለያል።

ባለ 9 ጫማውን ተወው። ዋጋው ጥሩ ቢሆንም ተወው።

ለምን መሰለህ? የባለ 9 ጫማ ሜዳ 127 በ254 ሳንቲሜትር ነው። ይህ ኳሷ ነክታ ከምትመለስበት ከዳር ጎማ እስከ ዳር ጎማ ያለው ነው፤ የእንጨቱ ጠርዝ አልተቆጠረም። መደበኛ ስቲክ ደግሞ ወደ 147 ሳንቲሜትር ይረዝማል። ነጯ ኳስ ጎማው ላይ ተለጥፋ ስትቆም ስቲኩ በሙሉ ማለት ይቻላል ከሜዳው ውጭ ይሆናል። ስለዚህ በአራቱም ጎን የአንድ ስቲክ ቦታ ያስፈልግሃል። 127 ላይ ሁለት ጊዜ 147 ስትደምር 421 ይመጣል። የክፍልህ ስፋት 420 ነው። በርዝመቱ በኩል 548 ይፈልጋል፤ ያለህ 530 ነው። ይህ እንግዲህ ገና ክንድህን ወደ ኋላ ሳትስብ ነው።

ደሴ ላይ አንድ ደንበኛዬ ልክ እንዳንተ ዋጋው አጓጉቶት ባለ 9 ጫማ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገባ። ስገጥምለት ነግሬው ነበር። ተጫዋቾቹ ግድግዳው ሲከለክላቸው ስቲኩን ሽቅብ አንስተው ኳሷን ቁልቁል ይወጓት ጀመር። በሦስት ወር ውስጥ በግድግዳው በኩል ያለው ጨርቅ ተቀደደ። ሁለተኛ ጨርቅ አለበስኩት። እሱም ተቀደደ። በመጨረሻ ሸጠው፤ ከገዛበትም በታች ነው የሸጠው። ሰውየው ጥሩ ሰው ስለሆነ እስካሁን ይቆጨኛል።

ባለ 8 ጫማው 112 በ224 ነው። ስቲኩን ስትደምርበት 406 በ518 ይሆናል። ክፍልህ ውስጥ ይገባል። ግን በስፋቱ በኩል በየጎኑ የሚተርፍህ 7 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። የሚመታው ሰው ክርኑ ግድግዳ ይነካል። ቆሞ የሚያይ ሰውም መግቢያ ያጣል።

ባለ 7 ጫማው ሜዳ 100 በ200 ገደማ ነው። ከስቲኩ ጋር 394 በ494 ይፈልጋል። በስፋት በየጎኑ 13፣ በርዝመት 18 ሳንቲሜትር ይተርፍሃል። በማዕዘኖቹ ሁለት ዱካ ታስቀምጣለህ። አንድ 122 ሳንቲሜትር የሆነ አጭር ስቲክ ደግሞ ለክፉ ቀን ግድግዳው ላይ ትሰቅላለህ። እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ባለ 7 ጫማ ነው የምገዛው።

«ትንሹ የልጆች ነው» የሚሉህ ይኖራሉ። አትስማቸው። አሜሪካ ውስጥ በየመጠጥ ቤቱ የቆመው ባለ 7 ጫማ ነው፤ የአማተር ሊጎችም ይካሄዱበታል። እርግጥ ነው፣ ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ የፑል ውድድሮች በባለ 9 ጫማ ነው የሚደረጉት። በትልቁ ላይ ኳስ ለማስገባት ረጅም ርቀት አነጣጥሮ ቀጥ አድርጎ መምታት ይጠይቃል። በትንሹ ላይ ግን 15 ኳስ በጠባብ ሜዳ ይጨናነቃል። ነጯ መንገድ ታጣለች። የትኛዋን ቀድመህ እንደምታስገባ፣ የትኛዋን ለመክፈቻ እንደምታቆይ ማሰብ ግድ ይልሃል። ሁለቱም ጨዋታ ነው፤ ችሎታው ነው የሚለያየው።

አሁን ያገለገለ ባለ 7 ወይም ባለ 8 ጫማ ስታገኝ ምን ታያለህ? ከሁሉ በፊት ከጨርቁ ስር ያለውን። ድንጋይ ነው ወይስ እንጨት?

ድንጋዩን ብዙ ሰው እብነ በረድ ይለዋል። አይደለም። በእንግሊዝኛ ስሌት (slate) የሚባል፣ በንብርብር የሚሰነጠቅ ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ ይፈለጣል፣ ይሞረዳል፣ እርጥበት አያጣምመውም። ጆን ተርስተን የሚባል የለንደን ጠረጴዛ ሠሪ በ1826 ስሌትን ለቢሊያርድ መጠቀም ጀመረ። ከዚያ በፊት መደቡ እንጨት ነበር። እንጨት ደግሞ ያብጣል፣ ይጣመማል። ወሎ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። እኛ ዘንድ በልግም አለ፣ ክረምትም አለ። ደሴ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ድረስ ይገባል። አንተ ደግሞ ሐይቅ ዳር ነህ። ኤምዲኤፍ ወይም ቺፑድ መደብ ያለው ጠረጴዛ ሁለት ክረምት ካለፈው መሐሉ ይጎብጣል። ስንቱን አይቻለሁ! ኳሶቹ እንደ ከብት ወደ አንድ ጥግ ይነዳሉ። ያን የሚያድን ሙያ የለኝም። አውጥቶ መጣል ነው።

እንዴት ትለየዋለህ? ከስር ገብተህ በጣትህ መደቡን አንኳኳ። ድንጋይ ድፍን ድምፅ ነው ያለው፤ እጅህንም ያቀዘቅዘዋል። እንጨት እንደ ከበሮ ያስተጋባል። በቀዳዳው በኩል ደግሞ የመደቡን ጠርዝ ማየት ይቻላል። ክብደቱም ይናገራል። የባለ 8 ጫማ ድንጋይ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ውፍረት ካለው ድንጋዩ ብቻውን ወደ 200 ኪሎ ይጠጋል። ሁለት ጎረምሳ በቀላሉ ካነሱት ድንጋይ የለውም ማለት ነው።

ቀጥሎ የዳር ጎማው። ነጯን ከአንዱ አጭር ጎን አስቀምጣትና ጠንከር አድርገህ በረጅሙ ላካት። በሕይወት ያለ ጎማ ከሆነ ኳሷ የጠረጴዛውን ርዝመት አራት ጊዜ ወይም አራት ጊዜ ተኩል ትጓዛለች፤ መሄዷ አንድ፣ መመለሷ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። የዓለም የፑል ማኅበርም ይህን መለኪያ ነው ያስቀመጠው። ሁለት ተኩል ላይ ከቆመች፣ ወይም ጎማውን ስትመታ «ዱፍ» የሚል የሞተ ድምፅ ካሰማች ጎማው ደርቋል። ይቀየራል፤ ወጪውን ግን ከዋጋው ላይ አስቀንስ።

ኳሶቹን ሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ደርድርና በጣም አጥብቀህ ገፍተህ አንሳው። በመሃላቸው ክፍተት ካየህ መጠናቸው ይለያያል፤ ከሁለት ሦስት ቦታ የተሰበሰቡ ናቸው ማለት ነው። የፑል ኳስ ስፋቱ 57.15 ሚሊሜትር ነው። ነጯ ከሌሎቹ ትልቅ ከሆነች ጠረጴዛው በሳንቲም የሚሠራ ዓይነት ነበር፤ ማሽኑ ነጯን ለይቶ እንዲመልሳት ነው እንደዚያ የሚሠሯት። እንደዚያች ያለች ነጭ መትተህ ወደ ኋላ ልመልሳት ብትል እምቢ ትላለች።

የስቲኩ ጫፍ ላይ ስለሚቀባው ቾክ አንድ ነገር ልንገርህ። በየቦታው የትምህርት ቤት ጠመኔ ስቲክ ላይ ሲቀቡ አያለሁ። አይሠራም። የስቲክ ቾክ ጠመኔ አይደለም። ሲሊካና ሌላ ሻካራ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው። ዊልያም ስፒንክስ የሚባል ተጫዋች ከዊልያም ሆስኪንስ ጋር ሆኖ በ1897 ነው የፈጠራ መብቱን ያወጣበት። ጠመኔ ያንሸራትታል። ቾክ ይነክሳል። ይኸው ነው ልዩነቱ።

ማቃናቱ የኔ ሥራ ስለሆነ ብዙ ላወራ እችላለሁ፤ ግን ላሳጥረው። የግንበኛ ውሃ ልክ አይበቃም። የተስተካከለ መስሎህ ኳስ ትንከባለላለች። ኳሷን በጣም ቀስ አድርገህ በጎማው አጠገብ ልቀቃት። አካሄዷን ተወውና የመጨረሻዋን አንድ ክንድ እያት። ፍጥነቷ ሲያልቅ ወዴት ታጋድላለች? እውነቱ እዚያ ላይ ነው የሚወጣው። ከእግሩ ስር ካርቶን አጥፈህ አታስገባ። ወለሉን ስታጥብ ካርቶኑ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። ቀጭን የብረት ሽብልቅ አድርግ። ድንጋዩ ከአንድ በላይ ቁራጭ ከሆነ መገጣጠሚያው በንጹሕ ሰም ይሞላል። ሰም የትም ከማር ገበያ ታገኛለህ።

ጨርቁ ሱፍ ስለሚበዛበት እርጥበት ይስባል። በክረምት ጠዋት ጠረጴዛው «የከበደ» የሚመስልህ ለዚህ ነው። በትልልቅ የካራምቦል (ቀዳዳ በሌለው ጠረጴዛ የሚደረገው ጨዋታ) ውድድሮች ከድንጋዩ ስር ማሞቂያ ያደርጋሉ። እኛ ማሞቂያ ስለሌለን በደረቅ ብሩሽ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንጠርጋለን፣ ማታ ማታ እናለብሳለን። ሐይቅ ስለሆንክ ደግሞ አደራ የምልህ የዓሣ ነገር ነው። ዓሣ በልቶ እጁን ሳይታጠብ ስቲክ የሚይዝ አታስገባ። ቅባቱ ኳሱ ላይ፣ ከኳሱ ጨርቁ ላይ ይሄዳል። በር ላይ ሳሙናና ውሃ አስቀምጥ።

መብራቱን ከሜዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ አድርገህ በመሃል አንጠልጥለው። አንድ አምፖል ብቻ ከሆነ የኳሱ ጥላ ያታልላል። ሁለት ወይም ሦስት በመስመር ይሁን።

እንግዲህ ወደምወደው ልግባ። ምን ይጫወቱበታል?

8 ቁጥርን ሁሉም ያውቀዋል። ከ1 እስከ 7 ሙሉ፣ ከ9 እስከ 15 ባለመስመር፣ መጨረሻ ጥቁሯ። የማያውቁት ሕጉን ነው። ደሴ ላይ ሸዋ በር የሚጫወቱበት ሕግ ፒያሳ ከሚጫወቱበት ጋር አይገናኝም። አንዱ ጋ ነጯ ከገባች ሁለት ምት ነው። ሌላው ጋ ከመስመር ጀርባ ነው። ሌላው ጋ ጥቁሯ በመበተኛው ምት ከገባች አሸነፍክ ይሉሃል። በዓለም አቀፉ ሕግ ፋውል ከተሠራ ተጋጣሚው ነጯን በእጁ አንስቶ የፈለገበት ያስቀምጣታል። ጥቁሯ በመበተኛው ምት ብትገባ ድል አይደለም፤ ወይ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፣ ወይ እንደገና ይበተናል። የትኛውንም ሕግ ምረጥ። ግን ከመክፈትህ በፊት በትልቅ ወረቀት ጽፈህ ግድግዳው ላይ ለጥፈው። ፑል ቤት ውስጥ ካየኋቸው ጠቦች አብዛኞቹ የተነሱት ከሕግ ነው፤ ከመሸነፍ የመጣው ጥቂት ነው።

ለሁለት ፈጣን ልጆች 9 ኳስ አለ። ዘጠኝ ኳስ ብቻ በአልማዝ ቅርፅ ይደረደራል። ሁልጊዜ ነጯ መጀመሪያ የምትነካው በሜዳው ካሉት ትንሿን ቁጥር ነው። 9ኟን ያስገባ ያሸንፋል። ደስ የሚለው ነገር፣ 1ኟን መጀመሪያ ነክተህ 9ኟ በዚያው ብትገባ ጨዋታው አለቀ። እየተሸነፈ ያለ ሰው እስከ መጨረሻዋ ምት ተስፋ አለው።

ሦስት ሆነው ሲመጡ ሁልጊዜ አንዱ ቆሞ ይመለከታል። መፍትሔው ቀላል ነው። አንዱ ከ1 እስከ 5፣ ሁለተኛው ከ6 እስከ 10፣ ሦስተኛው ከ11 እስከ 15 ይይዛል። የሰውን ኳስ ታስገባለህ፣ የራስህን ትጠብቃለህ። መጨረሻ ላይ ኳሱ በሜዳ የተረፈለት ያሸንፋል። ይህን ጨዋታ ኮምቦልቻ ላይ ለፋብሪካ ልጆች አሳይቻቸው ነበር። ከፈረቃ ሲወጡ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚመጡት። አሁን ሌላ አይጫወቱም።

ሰባት ስምንት ሰው ከተሰበሰበ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ነፍስ ትሰጣለህ። በተራ አንድ አንድ ምት። አንድም ኳስ ካላስገባ አንድ ነፍስ ይቀነስበታል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስም ጽፈህ ነፍሱን በጭረት ትቆጥራለህ። ደካማውም ጎበዙም እኩል ተራ ስለሚያገኙ ማንም አይሰለችም። ለበዓል ማታ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ረጋ ላለ ሰው አንድ ቀዳዳ የሚባለው አለ። እኔ ከሁሉም ይህን እወዳለሁ። አንተ አንዱ የማዕዘን ቀዳዳ ብቻ ያንተ ነው፣ ተጋጣሚህም ከጎኑ ያለው አንዱ። ሌሎቹ አራቱ የማንም አይደሉም። ቀድሞ 8 ኳስ በቀዳዳው ያስገባ ያሸንፋል። ማስገባቱ ብቻ አይደለም። ኳሶችን ቀስ እያልክ ወደራስህ ትሰበስባለህ። ነጯን ለሱ በማይመች ቦታ ትደብቃለህ። አንዳንዴ አሥር ደቂቃ ሙሉ ምንም ኳስ ሳይገባ ያልፋል፣ ልብ ግን ይመታል። ገበጣ የሚወድ ሰው ይህን ጨዋታ በአንድ ቀን ይይዘዋል። ያው ትዕግሥት፣ ያው የሰውን ጠጠር መቁጠር ነው።

ቁጥሩ ምንም ይሁን እያንዳንዷ ኳስ አንድ ነጥብ የምትሆንበት ጨዋታም አለ። 14 ኳስ ገብቶ አንዷ ስትቀር 14ቱ እንደገና ይደረደራሉ፣ ተጫዋቹ ይቀጥላል። እስከ 100 ወይም 150 ይቆጠራል። አሜሪካዊው ዊሊ ሞስኮኒ በ1954 ኦሃዮ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ በዚህ ጨዋታ ሳይስት 526 ኳስ በተከታታይ አስገብቷል። ስንት ዓመት ሙሉ በዓለም ሲወራለት ኖረ። ጠረጴዛው ባለ 8 ጫማ ነበር። ስለ ትንሽ ጠረጴዛ የሚንቅ ካለ ይህን ንገረው።

ብቻህን ስትሆንም አትቀመጥ። 10 ኳስ በትንና ነጯን የፈለግህበት አስቀምጥ። ሁለት ዕድል ብቻ ይኑርህ፦ እስክትስት ትመታለህ፣ ከሳትክ አንዴ ትቀጥላለህ። ስንት አስገባህ? አሥር ዙር ጻፍ። በሚቀጥለው ሳምንት ከዚህ ቁጥር ጋር ተወዳደር። ተማሪዎቼን ሁሉ በዚህ ነው የማስጀምራቸው።

እዚህ ላይ የሁሉም ጨዋታ እናት የሆነችውን ነገር ልንገርህ። ኳስ ማስገባት ግማሹ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ነጯ ከመታች በኋላ የት ትቆማለች የሚለው ነው። ነጯ ሳትንከባለል፣ ተንሸራታ ሌላዋን ኳስ በጎን ብትመታ ሁለቱ በ90 ዲግሪ ይለያያሉ። ልክ እንደ መስቀለኛ መንገድ። እየተንከባለለች ግማሽ በግማሽ ከመታች ግን መጀመሪያ ከነበረችበት መስመር 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትወጣው። አመልካች ጣትህንና መሃል ጣትህን እንደ ሁለት ቁጥር ከፈት ብታደርጋቸው ያቺ ማዕዘን ናት ማለት ይቻላል። እነዚህን ሁለት ማዕዘኖች የያዘ ልጅ በአንድ ወር ሌላ ሰው ይሆናል። ከመምታቱ በፊት ቆሞ ማየት ይጀምራል። ያን ቀን ነው ፑል የያዘው የምለው።

አሁን ወደ አባትህ እንመለስ።

ካራምቡላ ያሉት እውነታቸውን ነው። ካራምቦላ በጣሊያንኛ አንዲት ኳስ ሌሎቹን ሁለቱን በአንድ ምት መንካቷ ነው። በዓለም ላይ ይህ ጨዋታ ቀዳዳ በሌለው 284 በ142 ሳንቲሜትር ጠረጴዛ ላይ፣ ከፑል ኳስ ተለቅ ባሉ ሦስት ኳሶች ይደረጋል። ሦስት ጎማ ካልነካህ ነጥብ የማይቆጠርበት ዓይነትም አለው። ጣሊያኖች ደግሞ ስቲክ ትተው ኳሱን በእጅ የሚያንከባልሉበት፣ መሃል ላይ ትናንሽ እንጨቶች የሚያቆሙበት ቦቼቴ የሚባል አላቸው። በኛ ከተሞች ሽማግሌዎች በእጅ የሚጫወቱት ካራምቡላ የዚያ ዘመድ ነው። ያ ጠረጴዛ በክፍልህ ስፋት በእጅ ለመጫወት ይበቃል፤ የስቲክ ቦታ አይፈልግምና። ግን ወጣቱ አይመጣልህም። ስኑከርማ አይታሰብም፤ ሜዳው 357 በ178 ነው፣ አዳራሽ ይፈልጋል። በ1875 ጃባልፑር፣ ሕንድ ውስጥ የእንግሊዝ መኮንኖች ሲጀምሩት የጦር ሰፈር ሳሎን ነበራቸው።

ታዲያ ሁለቱን የሚያገናኝ ጨዋታ አለ። እኔ ለአባትህ የምመርጠው ይህን ነው። ነጯንና 1፣ 3፣ 5 ቁጥርን ብቻ አስቀምጥ። ሌላው ይነሳ። ኳስ ብታስገባ ቁጥሯን ታገኛለህ፤ ኳሷም ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ነጯ ሁለት ኳስ ብትነካ አንድ ነጥብ፣ ሦስቱንም ብትነካ ሁለት ነጥብ። እስከ 90 በፈለግኸው መንገድ ትቆጥራለህ። ከ90 በኋላ እስከ 100 ድረስ የሚቆጠረው መንካቱ ብቻ ነው፤ ማለትም ንጹሕ ካራምቡላ ይሆናል። 101ኛዋ ነጥብ ደግሞ ነጯ 1ኟን ብቻ ነክታ፣ በተናገርክበት ቀዳዳ ራሷ ስትገባ ናት። አሜሪካኖች የከብት ጠባቂ ጨዋታ ይሉታል። ወጣቱ በማስገባት ይቀድማል። አባትህ 90 ላይ ሲደርሱ ይይዙታል።

ቁማር ያሉትን ግን በቀላሉ አትለፈው። ልክ ናቸው። በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት የሚጠላው ጠረጴዛው አይደለም፣ ውርርዱ ነው። ውርርዱ ደግሞ የሚገባው በአንዲት ትንሽ በር ነው፦ «የተሸነፈ ይከፍላል» በምትለው። በጌም ስታስከፍል እያንዳንዱ ጨዋታ ገና ሲጀመር ብር ይዟል። ከዚያ አንዱ «እጥፍ እናድርገው» ይላል። ሌላም ጉዳት አለው። በጌም የሚከፍል ሰው አጭር ጨዋታ ነው የሚፈልገው። አንተም ቶሎ እንዲያልቅልህ ትፈልጋለህ። እነዚያ ረጅም፣ ጣፋጭ ጨዋታዎች አንድም ቀን አይጫወቱም። ሰው ከ8 ቁጥር ሌላ የማያውቀው ለምን ይመስልሃል? ዋጋው ነው ያስረሳው።

ስለዚህ በሰዓት አስከፍል። ወይም በግማሽ ሰዓት። የመጡት ሰዎች እኩል ይካፈሉ፣ ያሸነፈም የተሸነፈም። ግድግዳው ላይ ሰዓት ስቀል። እኔ ይህን ለአንድ ደንበኛዬ ነግሬው መጀመሪያ ላይ ገቢው ይቀንሳል ብሎ ፈርቶ ነበር። ሁለት ወር ሞከረው። ተወራራጆቹ ቀስ በቀስ ወጡ። በምትካቸው መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ከእህቶቻቸው ጋር የሚመጡ ልጆች ገቡ። ተጨማሪም፣ በትምህርት ሰዓት ደብተር የያዘ ልጅ አታስገባ። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ዝጋ። በዓመት በዓልም ጠዋት ዝጋ። አባትህ ይህን ሲያዩ ልባቸው ይመለሳል ብዬ አምናለሁ። እሳቸውንም ከመግዛትህ በፊት ይዘሃቸው ሂድ። መደቡን እሳቸው ያንኳኩት።

ከመክፈልህ በፊት ሦስት ነገር ለክተህ ላክልኝ፦ የክፍልህን በር ስፋት፣ ከመንገዱ እስከ ክፍሉ መታጠፊያ ካለ እሱን፣ እና ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን ጣውላ። ባለ 7 ጫማ ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው ያለው። በጎኑ ቆሞ ነው የሚገባው፤ ተኝቶ ከተሸከሙት በመሃሉ ይሰበራል። አራት ጠንካራ ሰው ይዘህ ጠብቀኝ። ክረምቱ ሳይገባ ብናደርገው ይሻላል።